ሃይብሪድ መኪናዎ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ትክክለኛው አለካክ

ከመገናኛ ወደ ቦሌ ወይም ከገርጂ ወደ ሰሚት በታክሲ ሲሄዱ ከሾፌሩ ጋር ወግ ከጀመሩ ጨዋታው ነዳጅ ላይ መድረሱ አይቀርም። «ይቺ እኮ ሃይብሪድ ናት፤ በሊትር 25 ትሄዳለች» ይላል አንዱ። በማግስቱ ያንኑ ዓይነት መኪና የሚነዳ ሌላ ሾፌር ደግሞ «ኧረ ከ17 አልፋ አታውቅም» ይላል። ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። አንዱ የሚናገረው ዳሽቦርዱ ላይ ያየውን ነው፤ ሌላው የሚናገረው ኪሱ የነገረውን ነው። ሁለቱም ግን አልለኩም።

ይህ ቁጥር ተራ የወሬ ጉዳይ ቢሆን ባልከፋ። ነገር ግን በከተማችን ብዙ ሰው መኪና ሲገዛ፣ ሲሸጥ፣ ለሾፌር ሲሰጥ ወይም ከወለድ ነፃ ባንክ በሙራበሃ መኪና ለማውጣት ሲያስብ ስሌቱን የሚያቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ስሌቱም ይሳሳታል፤ አንዳንዴም የሰው ስም ይጎድፋል። በዚህ ጽሑፍ ማንኛውም ባለመኪና ያለ ልዩ መሣሪያ፣ በወረቀትና በእርሳስ ብቻ፣ የሃይብሪድ መኪናውን እውነተኛ የነዳጅ ፍጆታ እንዴት እንደሚያውቅ እናያለን።

ሦስት ኪሎ ሜትር ስንት ብር ነው?

ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር 100 ብር አልፏል። ለስሌት እንዲቀለን 100 ብር ብለን እንያዝ። አንድ የራይድ ወይም የፈረስ ሾፌር በቀን 120 ኪ.ሜ. ይነዳል እንበል። መኪናው በሊትር 22 ኪ.ሜ. የሚሄድ ከሆነ በቀን 5.45 ሊትር ይበቃዋል። በሊትር 19 ኪ.ሜ. የሚሄድ ከሆነ ግን 6.32 ሊትር ይፈልጋል። ልዩነቱ በቀን አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። በወር 26 ቀን ከሠራ ግን 22 ሊትር ከግማሽ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከ2,200 ብር በላይ ነው። የዛሬውን የሊትር ዋጋ ስታስገቡበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

አሁን መኪናው የሌላ ሰው ነው እንበል፤ ነዳጁንም የሚችለው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ዳሽቦርዱ ላይ 22 የሚል ቁጥር ያያል። ሾፌሩ የሚያመጣው የነዳጅ ደረሰኝ ግን የ19 ነው። ባለቤቱ «ቀሪው 2,200 ብር የት ገባ?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ሾፌሩ ደግሞ ያልወሰደውን ገንዘብ ወሰድክ ተብሎ አንገቱን ይደፋል። በመካከላቸው የነበረው አማና የፈረሰው ማንም ሳይሰርቅ፣ አንድ ያልተመረመረ ቁጥር በመታመኑ ነው።

የፋብሪካው ቁጥር ለምን አይበቃም?

የመኪና አምራቾች የሚያወጡት የፍጆታ ቁጥር የሚለካው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መኪናው በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ቆሞ፣ በተወሰነ የፍጥነት ቅደም ተከተል ነው። ይህ አሠራር የአንዱን መኪና ፍጆታ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ይጠቅማል። በእኛ መንገድ፣ በእኛ ጭነትና በእኛ አነዳድ ምን ያህል እንደሚፈጅ ግን አይነግረንም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ቶዮታ ፕሪየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሦስተኛው የፕሪየስ ትውልድ በጃፓን በወቅቱ ይሠራበት በነበረው «10-15» በተባለው ፈተና አንደኛው ሞዴሉ በሊትር 38 ኪ.ሜ. ተመዝግቦለታል። በአሜሪካ መንግሥት ፈተና ደግሞ ለዚሁ የፕሪየስ ትውልድ የተሰጠው በጋሎን 50 ማይል ነው፤ ወደ እኛ ስሌት ሲመነዘር በሊትር 21 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ከ38 ወደ 21 ያወረደው በዋናነት የፈተናው ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሻጭ «ከጃፓን የመጣው ወረቀት 38 ይላል» ቢል ውሸት አልተናገረም፤ ገዢው ግን 38 ሊጠብቅ አይገባም።

ልዩነቱ የፕሪየስ ብቻም አይደለም። የአውሮፓን ገበያ ያጠናውና አይ ሲ ሲ ቲ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የንፁህ ትራንስፖርት ምክር ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተሸጡ አዳዲስ መኪኖች መንገድ ላይ የሚፈጁት ነዳጅ በወረቀት ከተጻፈው በአማካይ 39 በመቶ ይበልጥ እንደነበር አሳይቷል።

ዳሽቦርዱስ?

የዳሽቦርዱ ቁጥር ከፋብሪካው ቁጥር ይሻላል፤ ቢያንስ የራስዎን መንገድና የራስዎን አነዳድ ያያል። ነገር ግን መኪናው ከታንከሩ የወጣውን ቤንዚን በማሰሮ አይሰፍርም። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹ ምን ያህል ጊዜ እንደተከፈቱ ቆጥሮ ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። ኢንጀክተሩ ሲያረጅ ወይም ሲቆሽሽ ግምቱ ይዛባል። በብዙ መኪኖች ላይም ግምቱ መኪናውን ቆጣቢ ወደማስመሰል ያዘነብላል፤ ጥቂት በመቶ ከእውነቱ ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ዳሽቦርዱን «ዛሬ ከትናንት ተሻልኩ ወይስ ባስኩ?» ለሚለው ጥያቄ ይጠቀሙበት። «በወር ስንት ብር እፈልጋለሁ?» ለሚለው ግን በራስዎ ይለኩ።

ከሙሉ እስከ ሙሉ፦ የልኬቱ አሠራር

መርሁ ቀላል ነው። ታንከሩን ሞልተው ይጀምሩ፤ በመጨረሻም ሞልተው ይዝጉ። በመካከል የቀዱት ቤንዚን በሙሉ የተጓዙትን ኪሎ ሜትር ያህል ለመሄድ ያለቀው ነው ማለት ነው።

1. ታንከሩን ያስሞሉ። የመቅጃው እጀታ ራሱ ሲያቆም እዚያው ላይ ይብቃዎት። ብሩን ለማጠጋጋት ተብሎ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት ልኬቱን ያበላሻል፤ ቤንዚኑም የነዳጅ ትነት ወደሚታፈንበት ክፍል ገብቶ ሊጎዳው ይችላል።

2. የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጠቅላላ ንባብ ይጻፉ። ትሪፑን ዜሮ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ትሪፕ በስህተት ሊጠፋ ስለሚችል ጠቅላላውን መጻፍ ይሻላል።

3. እንደ ወትሮዎ ይንዱ። ልኬት ላይ ነኝ ብለው ቀስ ብለው ከነዱ የሚለኩት ሌላ ሰው ነው።

4. በመካከል በቀዱ ቁጥር ሊትሩን ይጻፉ። ብዙዎቻችን «የ1,000 ብር ቅዳልኝ» ማለት ለምደናል። ይህ ልኬቱን አያበላሽም፤ አንድም ሳይዘለል ከተመዘገበ ይበቃል። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ መሆኑ እዚህ ላይ ይረዳናል። የከፈሉት ብርና ቀኑ ስልክዎ ላይ ይቀራል፤ ብሩን ለዕለቱ የሊትር ዋጋ ሲያካፍሉ ሊትሩ ይወጣል። ማደያው ማሳያ ላይ ያዩትን ሊትር በዚህ ማመሳከር ይችላሉ።

5. ቢያንስ 600 ወይም 700 ኪ.ሜ. ከተጓዙ በኋላ፣ ከተቻለ እዚያው ማደያ፣ እዚያው መቅጃ ላይ፣ መኪናው በዚያው አቅጣጫ ቆሞ እንደገና ያስሞሉ። መሬቱ ትንሽ ዘንበል ካለ ታንከሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ «ሞላሁ» ይላልና።

6. የተጓዙትን ጠቅላላ ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው ሙሌት በኋላ ለቀዱት ጠቅላላ ሊትር ያካፍሉ። የመጀመሪያው ሙሌት መነሻ ስለሆነ አይቆጠርም፤ የመጨረሻው ግን ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። መነሻ ሙሌት ገርጂ፣ ቆጣሪው 84,210። ከዚያ በሦስት ሳምንት ውስጥ 9.0፣ 8.5 እና 10.0 ሊትር ተቀዳ። በመጨረሻም ገርጂ ላይ ሲሞላ 11.1 ሊትር ገባ፤ ቆጣሪው 84,952 ደረሰ። መንገዱ 742 ኪ.ሜ.፣ ቤንዚኑ 38.6 ሊትር ነው። 742ን ለ38.6 ስናካፍል 19.2 ይሆናል። በሌላ አነጋገር ለ100 ኪ.ሜ. 5.2 ሊትር ማለት ነው። ዳሽቦርዱ በዚያን ጊዜ 20.6 ቢል የ7 በመቶ ብልጫ አለው፤ ይህን ካወቁ በኋላ ዳሽቦርዱን በየጊዜው በዚያው ልክ ቀንሰው ማንበብ ይችላሉ።

አንድ ሙሌት ለምን አይበቃም?

እጀታው የሚያቆምበት ቦታ በእያንዳንዱ ሙሌት ትንሽ ይለያያል። ልዩነቱ ግማሽ ሊትር ነው እንበል። የለኩት በ10 ሊትር ከሆነ ግማሽ ሊትር የ5 በመቶ ስህተት ነው፤ 20 የሚሄደው መኪና 19 ወይም 21 ሊመስል ይችላል። የለኩት በ40 ሊትር ከሆነ ግን ስህተቱ ከአንድ በመቶ ብዙም አያልፍም። ሃይብሪድ ትንሽ ስለሚፈጅ ይህ ችግር ከተራ መኪና ይልቅ በእርሱ ላይ ይጎላል። መፍትሔው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ትዕግስት ነው፤ ሙሌቶቹን መደማመር።

ሲደማምሩ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ልኬት በሊትር 24፣ ሌላው 16 ቢል «አማካዩ 20 ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን 24 የሆነው በ10 ሊትር፣ 16 የሆነው በ30 ሊትር ከሆነ መንገዱ 240 እና 480፣ ድምሩ 720 ኪ.ሜ. ነው። ለ40 ሊትር ሲካፈል 18 ይሆናል እንጂ 20 አይደለም። ውጤቶቹን አማካይ አያድርጉ፤ ኪሎ ሜትሩን ለብቻ፣ ሊትሩን ለብቻ ደምረው አንድ ጊዜ ያካፍሉ።

ባትሪው የሚያታልለው መቼ ነው?

ሃይብሪድ መኪና ፍሬን ሲያዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ የሚባክነውን ኃይል በባትሪው አጠራቅሞ መልሶ ይጠቀምበታል። እንደ ያሪስ ወይም ፕሪየስ ያሉ ሶኬት የማይፈልጉ ሃይብሪዶች ባትሪያቸው ትንሽ ነው፤ በግምት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል። ይህን ኃይል ሞተሩ ለማመንጨት ቢሞክር ሲሶ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠይቀው ነበር።

ሲሶ ሊትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ ያለች አጭር መንገድ የምትፈጀው ቤንዚን ራሱ ከሲሶ ሊትር ያነሰ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ሞልቶ ከተነሱ ሞተሩ ብዙውን መንገድ ሳይነሳ ሊያደርስዎ ይችላል፤ ዳሽቦርዱም «በሊትር 50» ቢል አይደነቁ። ያ ኃይል ግን በነፃ አልመጣም፤ ትናንት በተቃጠለ ቤንዚን የተሞላ ነው። ስልክ አውጥተው ዳሽቦርዱን ፎቶ አንስተው የሚልኩ ወዳጆቻችን በአብዛኛው የሚልኩልን ይህን ቅጽበት ነው። በ700 ኪ.ሜ. ልኬት ላይ ግን የባትሪው ሞልቶ መነሳት ወይም ጎድሎ መድረስ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ ሊረሱት ይችላሉ።

በሶኬት የሚሞሉ ሃይብሪዶች ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። ባትሪያቸው ብዙ እጥፍ ትልቅ ስለሆነ ቤታቸው ሞልተው የሚነዱ ሰዎች በሊትር 40 እና 50 ሊያዩ ይችላሉ። እዚያ ላይ የቤንዚኑ ብቻ ልኬት ግማሽ እውነት ነው። የገባውን ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት፣ ዋጋውንም ለብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል።

የቦሌ መንገድና የአዳማ መንገድ

ተራ የቤንዚን መኪና መጨናነቅ ውስጥ ይጎዳል፤ ቆሞም ያቃጥላል። ሃይብሪድ ግን በመገናኛ አደባባይ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስም በሞተር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የሃይብሪድ ትርፍ ከሁሉ በላይ የሚታየው ቦሌና ሲኤምሲ መካከል በሚቆምና በሚሄድ መንገድ ላይ ነው። በፈጣን መንገድ ላይ ግን ትርፉ ይጠባል። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር በእጥፍ እጥፍ ያድጋልና፤ በሰዓት 110 የሚነዳ ሰው 80 ከሚነዳው ጋር ሲነጻጸር አየሩ የሚገፋው በእጥፍ ሊጠጋ በሚችል ኃይል ነው።

ከፍታውንም አንርሳ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ። በጎሮና በቱሉ ዲምቱ አድርጎ አዳማ የሚወርድ ሰው 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከነተሳፋሪው 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ መልሶ ለመውጣት ብቻ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር መካከል ተጨማሪ ቤንዚን ያስፈልገዋል፤ በስሌት 0.7 ሊትር ገደማ። አዳማ ደርሶ «በሊትር 24 ሄደችልኝ» የሚል ሰው ደስታውን ትንሽ ቢያቆይ ይሻላል። ልኬቱ የሚሞላው ተመልሶ ሲገባ ነው።

ከፍታው የሚሰጠንም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ቤንዚን ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ መኪናውን የሚገፋው አየርም ግን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ደግሞ ለአየሩ መሳሳት ደንታ የለውም። በዱባይ ወይም በጂዳ ያለ ወንድማችን የለካው ቁጥር እዚህ እንዳለ የማይሠራው በዚህም ምክንያት ነው፤ እነሱ ጋ የቅዝቃዜ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ መስኮት መክፈት ይበቃል።

ልኬትዎን የሚያዛቡ ሌሎች ነገሮች

አጭር ጉዞ፦ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ሃይብሪድም ቢሆን ለማሞቅ ብቻ ያቃጥላል። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚቆም መኪና ቀኑን ሙሉ ከሚሠራ ታክሲ የባሰ ውጤት ሊያሳይ ይችላል።

ጎማ፦ አየሩ የጎደለ ጎማ ፍጆታ ይጨምራል። መጠኑ የተቀየረ ጎማ ደግሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያሳስታል። በስልክዎ ጂፒኤስ ረዘም ባለ መንገድ ላይ ያመሳክሩ፤ ጂፒኤሱ 80፣ ቆጣሪው 82 ካለ ከተመዘገበው ኪሎ ሜትር 2.4 በመቶ ገደማ መቀነስ አለበት።

ሙቀት፦ ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት አንድ በመቶ ያህል ይለጠጣል። ሁለቱንም ሙሌት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከሱብሒ በኋላ፣ ማድረግ ይህን ያስተካክላል።

በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን፦ ሰልፍ ሲበዛ ከመንገድ ዳር የተቀዳ ነዳጅ ልኩም ጥራቱም አይታወቅም። እንዲህ ከሆነ ያን ዙር ሰርዘው እንደገና ይጀምሩ።

ወቅት፦ በረመዷን ከኢፍጧር በፊት ያለው ጥድፊያና መጨናነቅ፣ በክረምት ጎርፍ የያዘው መንገድ፣ የመንገድ ሥራ ያለበት ሰፈር፤ ሁሉም ቁጥሩን ይለውጣሉ። የረመዷንን ልኬት ከሸዋል ልኬት ጋር አያጋጩ፤ ወሩን አብረው ይጻፉ።

ለገዢ፣ ለሻጭና ለአሠሪ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካስታወቀ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ማየት የተለመደ ሆኗል። ያገለገለ ሃይብሪድ ሲገዙ የባትሪው ጤንነት ትልቁ ጥያቄ ነው፤ ፍጆታውም ስለ እርሱ ይናገራል። በተመሳሳይ መንገድ ላይ በየወሩ እየተመዘገበ ከ20 ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 16 የወረደ ቁጥር መካኒክ ማየት ያለበት ምልክት ነው። የአንድ ቀን የዳሽቦርድ ቁጥር ግን ይህን አይናገርም። ሻጩ መዝገብ ካለው ይጠይቁ፤ ከሌለው ቁጥሩን እንደ ወሬ ይያዙት።

ሻጭ ከሆኑ ደግሞ፣ ያወቁትን ጉድለት ከገዢ መደበቅ በዲናችን እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን። ሱረቱል ሙጠፊፊን ስለ ሚዛንና ስፍር ያስጠነቀቀችው ለእህል ነጋዴ ብቻ አይደለም። ለክተው ያገኙት 18 ከሆነ 18 ይበሉ፤ ያልለኩ ከሆነም «አልለካሁም» ማለት ይበቃል።

መኪናዎን ለሾፌር የሰጡ ከሆነ ሥራው ሲጀመር አንድ ላይ ሆናችሁ ለክታችሁ ሁለታችሁም የምታምኑበትን ቁጥር ያዙ። አንድ ደብተር ዳሽቦርድ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቀን፣ ቆጣሪ፣ ሊትርና ብር ይጻፍበት። በየወሩ መጨረሻ አብራችሁ ደምሩት። ቁጥሩ ሲወርድ መጀመሪያ ጎማውን፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያም ሞተሩንና ባትሪውን አስመርምሩ። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት መኪናውን መጠየቅ ይቀድማል፤ ባለመብቱም ሐቁን ያገኛል፣ ሠራተኛውም በሐላል የደከመበት ስም ይጠበቅለታል።